የወገብ ሕመሜ ከኩላሊት ይሆን?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 54 ነው። ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በየቀኑ እወስዳለሁ። ወገቤንና ጉልበቴን ስለሚያመኝም ከሁለት ዓመት ወዲህ ዳይክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት እየገዛሁ በቀን ሁለት ጊዜ እውጣለሁ። ሰሞኑን የወገቤ ሕመም ስለባሰብኝ ኩላሊቴ ተጎድቶ ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ያሰጋዎት ምልክት ግን ዋናው አይደለም። ጎንበስ ቀና ሲሉ የሚብስ የወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻ ወይም የአከርካሪ ጣጣ ነው። የኩላሊት ጠጠርና ኢንፌክሽን በእርግጥ ያማሉ፤ ኩላሊትን ቀስ በቀስ የሚያደክመው በሽታ ግን ብዙ ጊዜ ምንም ሕመም የለውም። ደብዳቤዎን ሳነብ ያስደነገጠኝ ለሕመሙ ብለው የሚውጡት ዳይክሎፌናክ ነው።

ኩላሊቶቻችን በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ አብዛኛውንም መልሰው ለሰውነት ያስቀራሉ። ለማጣራት በማጣሪያው ውስጥ በቂ ግፊት መኖር አለበት። ፕሮስታግላንዲን የተባለው ንጥረ ነገር፣ በተለይ የደም ፍሰት ሲቀንስ፣ ወደ ማጣሪያው የሚያስገባውን ቀጭን የደም ሥር እንዳይጠብ ይከላከላል። ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና መሰሎቻቸው የዚህን ንጥረ ነገር መመረት ስለሚያግዱ መግቢያው ይጠባል። ኢናላፕሪል በበኩሉ መውጫውን ያሰፋል፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ጨውና ውኃ በሽንት ያስወጣል። ሁለቱ ጥሩ የግፊት መድኃኒቶች ናቸው። ሦስተኛው ሲጨመርባቸው ግን ማጣሪያው ግፊት ያጣል፤ በዚያ ላይ ተቅማጥ ወይም ትውከት ቢይዝዎት ኩላሊትዎ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ዳይክሎፌናክ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል።

ስለዚህ ዳይክሎፌናኩን ዛሬውኑ ያቁሙ። የግፊት መድኃኒቶችዎን ግን በራስዎ ውሳኔ እንዳያቋርጡ አደራ እላለሁ። ለሕመሙ በታዘዘ መጠን የሚወሰድ ፓራሲታሞል ለኩላሊት የተሻለ ነው፤ የጉበት ችግር ካለብዎት ግን አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

በዚህ ሳምንት የክሬያቲኒን (ኩላሊት ከደም አጣርቶ የሚያስወጣው የጡንቻ ቆሻሻ)፣ የፖታሲየምና የደም ስኳር ምርመራ ያድርጉ፤ በሽንትዎ ውስጥ አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን መኖር አለመኖሩም ይታይ። ክሬያቲኒን "ደህና ነው" ቢባሉም በዚያ ብቻ አይርኩ፤ የኩላሊት አቅም እስከ ግማሽ ወርዶም ቁጥሩ ጤናማ ሊመስል ይችላል። ከዕድሜና ከፆታ ጋር ተሰልቶ የሚገኘውን የማጣራት አቅም ይጠይቁ። በደቂቃ ከ60 ሚሊ ሊትር በታች ሆኖ ከ3 ወር በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ ይባላል። ስኳሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዓለም ዙሪያ ኩላሊትን በመጉዳት ቀዳሚው የስኳር በሽታ ነው፣ የደም ግፊትም ይከተለዋል።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ የሚወስዱትን ሁሉ ይዘው ይሂዱ፤ የባህል መድኃኒትም ካለ አይደብቁ። "ከዕፅዋት ስለሆነ አይጎዳም" የሚለው አባባል በጣም ያሳዝነኛል። አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለው ኬሚካል ያላቸው ዕፅዋት ኩላሊትን ያጠፋሉ፤ የሽንት ቧንቧ ካንሰርም ያመጣሉ። እንደ ጄንታማይሲን ያሉ ኩላሊትን ሊጎዱ የሚችሉ የፀረ ባክቴሪያ መርፌዎችም ሲታዘዙልዎት የኩላሊትዎን ሁኔታ አስቀድመው ይንገሩ።

በመድኃኒት የመጣ ጉዳት ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ይሻሻላል። ሽንትዎ ከቀነሰ፣ ፊትዎ ወይም እግርዎ ካበጠ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ግን የምርመራ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።