ፈረንጅ የተባለው መድፍ

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አዲስ አመል ይዞኛል፤ የድሮ መድፍ ታሪክ አነባለሁ። ባለቤቴ «አንተ ሰው፣ በስተርጅና ልትዘምት ነው እንዴ?» እያለች ትስቅብኛለች። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ብረት ሲቀልጥና ሲፈስ እያየሁ ስለሆነ መድፍን የማየው በብረት አቅላጭ ዓይን ነው። ቀልጦ የፈሰሰ ብረት አየር ይዞ ከቀዘቀዘ ውስጡ ይቦረቦራል። የተቦረቦረ ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ የተቦረቦረ መድፍ ግን ተኳሹን ይገድላል።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ የቻይና ታሪክ ነው። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፍላችኋለሁ።) ባሩድን ለዓለም የሰጡት እነርሱ ናቸው። ቅመማው በ1044 በተዘጋጀ የጦር መጽሐፍ ውስጥ ሰፍሯል፤ ከ1298 የተረፈ፣ ዘመኑ የተቀረጸበት የነሐስ የእጅ መድፍም አለ። ያም ሆኖ በ1520ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ቻይና ጠረፍ ያኔ አገሩን ይገዛ የነበረው የሚንግ መንግሥት መርከቦች ከፖርቱጋሎች ጋር ሲዋጉ የባሩድ አገር ሰዎች እምብዛም ያላዩት ዓይነት መድፍ ገጠማቸው። ከኋላው የሚጎርስ ነው። ባሩዱና አረሩ አስቀድሞ የሚሞላበት፣ እጀታ ያለው ጆግ የመሰለ ጎራሽ አለው። አንዱ ሲተኮስ ያወጡትና ሌላውን ይተካሉ። ቻይናዎቹ ስሙን «ፎላንግጂ» አሉት። እስቲ ቃሉን ጮክ ብላችሁ በሉት። ዓረቡና ፋርሱ አውሮፓዊውን የሚጠሩበት፣ እኛም «ፈረንጅ» የምንለው ያው ቃል ነው። ሰውየውና መድፉ በአንድ ስም ተጠሩ። በዚህ አንስቅባቸውም፤ እኛስ የፈረንሳዩን «ፉዚ ግራ» ጠመንጃ «ውጅግራ» ብለን የለ? ደግሞም ሩቅ ዘመዶች አይደሉም። በ1520 ምጽዋ የወረዱት፣ በ1541 ደግሞ 400 ያህል ነፍጠኛ ይዘው ለዐፄ ገላውዴዎስ የደረሱት እነዚያው ፖርቱጋሎች ናቸው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሆ ሩ የሚባል አንድ የበታች ሹም ልቤን ወስዶታል። በፖርቱጋሎቹ መርከብ ላይ ለዓመታት የሠሩ፣ መድፍ አቅልጦ መሥራትና ባሩድ መቀመም የለመዱ ቻይናውያን እንዳሉ ይሰማል። ወይንና ሩዝ ሻጭ የመሰሉ ሰዎች ልኮ በምስጢር ያነጋግራቸውና ወደ አገራቸው ወገን ይመልሳቸዋል። የሚንግ መንግሥት መድፉን እየቀዳ መሥራት የቻለው በዚህ መንገድ ነው። ልብ በሉ፣ ሹሙ በቅድሚያ የፈለገው መድፉን አልነበረም፤ የሚያውቀውን ሰው ነበር።

መቶ ዓመት አለፈ። በ1620ዎቹ ደግሞ ሆላንዶች ከኋላ የማይጎርስ፣ ረጅምና ወፍራም መድፍ ይዘው መጡ፤ ቻይናዎቹ «የቀይ ባዕዳን መድፍ» አሉት። የሚንግ ሹማምንት ከሰመጡ የአውሮፓ መርከቦች ላይ እያወጡ፣ በደቡብ ጠረፍ በምትገኘው በማካው ከሰፈሩት ፖርቱጋሎችም እየገዙ ወደ ሰሜን ላኩት። በ1626 ኒንግዩዋን በተባለች ከተማ ቅጥር ላይ 11 እንዲህ ያሉ መድፎች ተደርድረው ነበር። እስከዚያ ቀን ማን ያቆመኛል ይል የነበረው ከቻይና ሰሜን ምሥራቅ የተነሣው የማንቹ ሕዝብ መሪ ኑርሃቺ ሠራዊቱን ይዞ ለመመለስ ተገደደ። በዚያው ዓመት ሞተ።

ሹ ጓንግቺ የተባለው ሊቅ ግን በድሉ አልሰከረም። መድፉ ያለ ተኳሽ፣ ተኳሹም ያለ ስሌት ከንቱ መሆኑ ገብቶት ነበርና ከማካው ፖርቱጋላውያን አሠልጣኞችን አስመጣ። ደቀ መዝሙሩ ሱን ዩዋንሁዋ በሻንዶንግ፣ ደንግዡ ላይ በዘመኑ ወደር ያልነበረው የመድፈኛ ጦር አቋቋመ። ታዲያ ምን ሆነ? በ1631 የብርድ ወራት ከዚህ ጦር የተወሰነው በብርድና በረሃብ ወደ ሰሜን ሲጓዝ አንድ ወታደር የአንድ ባላባት ቤተሰብ ዶሮ ወሰደ። በዶሮዋ ጭቅጭቅ ተነሣ፣ ወታደሩ ተቀጣ፣ ጦሩ አመፀ። ኮንግ ዮውደ የተባለው አዛዥ ወደ ኋላ ተመልሶ ደንግዡን ያዘ። የፖርቱጋሎቹ አለቃ በውጊያው ሞተ። ሱን ዩዋንሁዋን የገዛ መንግሥቱ በሞት ቀጣው። በ1633 አማፂዎቹ መድፉንም ተኳሹንም በመርከብ ጭነው ለማንቹዎች ገቡ። በአሥራ አንድ ዓመቱ ማንቹዎች ቤጂንግ ውስጥ ዙፋን ላይ ተቀመጡ። በአንዲት ዶሮ ሰበብ!

ሰበብ አልኩ እንጂ ምክንያቱስ የዶሮዋ አልነበረም። ደመወዝና ስንቅ የተነፈገ ባለሙያ ነው የከዳው። እኔም በሠራሁበት አንድ ድርጅት የቶርኖ ሊቅ የነበረ ሰው በጥቂት ቀን የመስክ አበል ክርክር ተነሥቶ ሲሄድ አይቻለሁ። ማሽኑ ቀረ፤ የማሽኑ ነፍስ ሄደ።

ማንቹዎቹም መጀመሪያ ላይ ጎበዞች ነበሩ። ንጉሣቸው ካንግሺ የተነሣበትን የደቡብ አመፅ ለማፈን ከ1674 ጀምሮ ቬርቢስት የሚባለውን የኢየሱሳውያን ቄስ ለተራራ የሚመቹ ቀላል መድፎች አሠራው። ውሎ አድሮ ረጅም ሰላም ሆነ። ሰላሙ መልካም ነው፤ ነገር ግን መድፎቹ በየምሽጉ ሲቆሙ የሚፈትናቸው ጠፋ፤ በአውሮፓ ያ ሁሉ ዓመት በጦርነትና በስሌት ሲያልፍ እዚህ ባለሙያ ከአባቱ የወረሰውን ብቻ ይደግም ነበር። በ1793 እንግሊዛዊው መልእክተኛ ማካርትኒ መጥቶ ፉካንግአን ለተባለው ዝነኛ የጦር መሪ የዘቦቼን የጠመንጃ ልምምድ እይልኝ ቢለው፣ ሰውየው አዲስ ነገር አይኖርበትም ብሎ እንቢ አለ። የእርሱ ወታደሮች ያኔም በሚነድ ክር የሚለኮስ ጠመንጃ ነበር የያዙት።

በ1841 በኦፒየም ጦርነት እንግሊዞች ሲመጡ በጓንግዡ ወንዝ መግቢያ የሆነውን ስታነቡ ያማችኋል። የምሽጎቹ መድፎች ግራና ቀኝ አይዞሩም፤ መርከቡ ከፊታቸው ዞር ካለ ሥራቸው አለቀ። በጥድፊያ ቀልጠው የተሠሩት አዳዲሶቹ ደግሞ መጀመሪያ ያልኳችሁ ዓይነት ቡርቡር ነበራቸው። እንግሊዞቹም ቢሆኑ ሁሉ ነገራቸው አዲስ አልነበረም። በዚያው ዓመት ግንቦት፣ ሳንዩዋንሊ አጠገብ ዝናብ ሲወርድ የሕንድ ወታደሮቻቸው በባልጩት የሚተኮስ ጠመንጃ አልሠራ ብሎ በገበሬ ተከበቡ፤ ያዳኗቸው በመዳብ ቆብ የሚፈነዳ አዲስ ጠመንጃ የያዙ የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደሮች ናቸው።

በዚያ ሽንፈት መካከል ጎንግ ዠንሊን የሚባል ሹም ተነሥቶ መድፍን በሸክላ ሳይሆን በብረት ቅርጽ ማውጫ እያፈሰሰ መሥራት ጀመረ። የሸክላው ለመድረቅ ብዙ ቀን ይፈልጋል፣ እርጥበት ይዞ ብረቱን ያቦረቡራል፣ ከአንድ ጊዜ በላይም አያገለግልም። የብረቱ ደጋግሞ ይሠራል። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሥቼ አጨበጨብኩ። ይህ እጅ ሃምሳ ዓመት ቀድሞ ሥራ ቢያገኝ ኖሮ አልኩ።

በ1860 ደግሞ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ቤጂንግ አጠገብ የነገሥታቱን የበጋ ቤተ መንግሥት ሲዘርፍ፣ ማካርትኒ በስጦታ ያመጣቸው ሁለት መድፎች ከነሠረገላቸው ተገኙ። 67 ዓመት ሙሉ ማንም ሳይፈታቸው፣ ማንም ሳይቀዳቸው ቆመው ነበር።

እዚህ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። እኔም መጋዘን ውስጥ ያቆምኩት አለኝና። በአንድ ወቅት በኃላፊነት በምመራው ክፍል በብዙ ገንዘብ የተገዛ የማቅለጫ ምድጃ መጣ፤ አሠልጣኙ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሄደ፤ አንድ መለዋወጫ ሲሰበር ሸራ አለበስነው። ፈትተን እንየው ያለ ወጣት ነበር። ዋስትናው ይበላሻል ብዬ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ዋስትናው በዓመቱ አለቀ፤ ሸራው ግን ጡረታ እስክወጣ አልተነሣም።

የምድጃው መመሪያ ሦስት ጥራዝ ነው፤ ይጠፋል ብዬ ቤቴ አስቀምጬዋለሁ። ሥዕሎቹን ኮፒ ማድረግ የምትፈልጉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኑ። ቡና ይፈላል። ሁለተኛው ጥራዝ ላይ ያ ወጣት በእርሳስ የጻፋቸው ጥያቄዎች አሉ፤ ከእነርሱ እንጀምራለን።