«ለአንቺው ብለን ነው» ስላሉሽ ቢሮ

ውድ እኅቴ፣ በማዕድን ምሕንድስና ተመርቀሽ በጉጂ ዞን ወርቅ ከሚያወጣ ድርጅት ሥራ እንዳገኘሽ፣ ነገር ግን የሰው ሀብት ኃላፊው «ሜዳው ለሴት ይከብዳል፤ ለአንቺው ብለን ነው» ብለው አዲስ አበባ ዕቅድ ክፍል ሊመድቡሽ እንዳሰቡ፣ እናትሽም እዚሁ አዳማ ባንክ እንድትቀጠሪ እንደሚፈልጉ ጽፈሽልኛል። «ለአንቺው» የምትለዋን ቃል ከ20 ዓመት በፊት እኔም ሰምቻታለሁ።

እኔን አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ ቢሮ አስቀመጠኝ፤ አመስግኜ ተቀመጥሁ። በሦስተኛው ዓመት ለድንጋይ ካባው የፍንዳታ ዕቅድ አወጣሁ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር የተቆፈሩት ጉድጓዶች ውኃ ይዘዋል፤ አሞኒየም ናይትሬት ከናፍጣ ጋር ተደባልቆ የሚሠራው ፈንጂ ደግሞ ውኃ ሲያገኘው ይሟሟል። ይህን ተምሬዋለሁ፤ ጫፉ ላይ ጠጠር የታሰረበትን ሜትር ጉድጓዱ ውስጥ ሰድዶ፣ ስቦ አውጥቶ፣ እርጥበቱ እስከ የት እንደ ደረሰ በጣት መዳሰስን ግን ያሳየኝ አልነበረም። ጉድጓዶቹን ደረቅ ብዬ ስላቀድሁ ዓለቱ ከሥሩ ሳይሰበር ቀረ። የቁፋሮው አለቃ «ወረቀቱስ ደረቅ ነበር» አሉኝ። በወሩ ሜዳ ጠይቄ ወጣሁ፤ ስድስት ዓመትም ቆየሁ።

ይህ አሳቢነት የቆየ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1935 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ቁጥር 45 ሴቶች ከመሬት በታች ማዕድን እንዳይሠሩ ይከለክል ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው ቁጥር 176 ግን የሚያወራው የማዕድን ሠራተኛን ሁሉ ከአደጋ ስለ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ለኃላፊው በጽሑፍ መልሺ፤ መጀመሪያ ሁለት ዓመት ሜዳ፣ ከዚያ ዕቅድ ክፍል በዪ። በልክሽ የሆነ የደኅንነት ጫማ፣ ለብቻው የሚቆለፍ መጸዳጃና ማደሪያ መኖሩንም በዚያው ጠይቂ።

እናትሽ «ጉጂ የገባችን ማን ያገባታል» ካሉ፣ አምስት ዓመት ያስተማሩሽ ለሽማግሌ መላኪያ ከሆነ አስቀድመው ሊነግሩሽ ይገባ ነበር። የሚያሳስባቸው የቤት ኪራዩ ከሆነ ግን ጭንቀታቸው እውነት ነው፤ ካምፑ ምግብና ማደሪያ የሚችል መሆኑን ከውሉ ላይ አረጋግጪ፣ ከቻለ ኪራዩን ከዚያ ትልኪላቸዋለሽ። ስለ ወሊድ ለጠየቅሽው፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጥሻል። ስለ ሁለተኛ ዲግሪ ለጠየቅሽውም፣ እሱ ለጊዜው ይቆይ።

መልስ የሚጠብቁት እስከ ዓርብ ነው ብለሻል፤ ደብዳቤውን ረቡዕ ላኪው፣ ቅጂውንም ለራስሽ አስቀሪ።