ነርቭሽ እያመመሽ ሥራ ለምትፈልጊው እህቴ

ሰላም እህቴ፣ እንዴት ሰነበትሽ። መልዕክትሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት፣ በተለይ "ማታ አንሶላው እግሬን ሲነካኝ እሳት የነካኝ ያህል ያስደነግጠኛል፣ ጠዋት ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሲቪ ይዤ እዞራለሁ" ያልሽው ከውስጤ አልወጣም። ሌላም ሰው ስለሚያነበው ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው፦ በአካውንቲንግ ተመርቀሻል፣ ሶስት አመት ዳታ ስታስገቢ ሰርተሻል፣ ካለፈው አመት ጀምሮ መጀመሪያ ሁለቱም እግርሽ ከዛ የእጅ ጣቶችሽ መደንዘዝና መለብለብ ጀመሩ፣ ስራውን ለቀቅሽ፣ አሁን ደግሞ አንድ ቦታ በካሽየርነት ልትገቢ ለኢንተርቪው ተጠርተሻል። የምትጠይቂኝ "ሙያዬን ልተወው ወይ? ህመሜንስ ልናገር ወይ ልደብቅ?" ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ሙያሽን አሁን አትተዪው፣ ካሽየርነቱን ግን ባትቀበዪው ደስ ይለኛል። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ።

የዚህ ህመም ክፋቱ አይታይም። ቁስል የለው፣ እብጠት የለው፣ ሰው ሲያይሽ ደህና ነሽ፣ አንቺ ግን እጅሽ ላይ ጉንዳን የሚርመሰመስ ይመስልሻል፣ ድንገት እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝርሻል፣ የያዝሽው ብርጭቆ መሬት ሲደርስ ነው እጅሽ እንደለቀቀው የምታውቂው። የድሮ አለቃሽ "ሰነፍሽ" ያሉሽም ይሄን ስላላዩ ነው፣ አንቺ ግን እባክሽ ይሄን ቃል ተቀብለሽ ራስሽን አትውቀሺበት።

ሀኪም አይደለሁም፣ ስለ ስራ ነው የማማክረው፣ ግን እንዲህ አይነት ሰው ሲመጣ ስለ ስራ ከማውራቴ በፊት ሁሌም አንድ ነገር እጠይቃለሁ፣ መንስኤው ታውቋል ወይ? አንቺ የጻፍሽልኝ "የነርቭ ነው ተባልኩ፣ ማስታገሻ ሰጡኝ" ብቻ ነው፣ ይሄ ደግሞ የሙያ ውሳኔ ለመወሰን አይበቃም። ምክንያቱም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ከሆነ ይታከማል፣ የታይሮይድ ችግርም እንደዛው፣ ስኳር ከሆነ ደግሞ ስኳሩን መቆጣጠር ጉዳቱ እንዳይባባስ ያግዛል፣ አንዳንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ራሱ ነው የሚያመጣው፣ ለምሳሌ አይሶናያዚድ የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ወይም አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች። አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሀል ጣት ብቻ ሆኖ ማታ ማታ የሚብስ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የእጅ አንጓ ላይ ነርቩ ተጨቁኖ ነው፣ እሱ በማታ የእጅ መደገፊያ ወይ በትንሽ ኦፕሬሽን ሊሻል የሚችል ነገር ነው፣ ለዚህ ብሎ አራት አመት የተማሩትን መተው ያሳዝናል። ያንቺ ግን ከእግር ጀምሮ ሁለቱንም ወገን ስለያዘ የደም ምርመራውን ሳትጨርሺ እንዳትቀመጪ፣ የሚረዝም ነገር መሆኑንም አስቢበት፣ የተጎዳ ነርቭ መልሶ ሲያድግ በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የእግርሽ መድከም በፍጥነት ወደ ላይ ከወጣ፣ ወይ ሽንት መቆጣጠር ካቃተሽ፣ ወይ አንዱ የሰውነትሽ ወገን ድንገት አቅም ካጣ ግን ቀጠሮ ምናምን ሳትጠብቂ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

መድኃኒቱም ከስራ ጋር ይገናኛል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። ፓራሲታሞልና መሰሎቹ ለነርቭ ህመም ብዙም አይረዱም፣ ሀኪሞች የሚያዙት አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊን፣ ዱሎክሰቲን የመሳሰሉትን ነው፣ እነዚህ ደግሞ ለመስራት ሳምንታት ይፈጃሉ፣ ብዙዎቹም መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛሉ ወይ ያዞራሉ። ስለዚህ አዲስ ስራ በምትጀምሪበት ሳምንት አዲስ መድኃኒት ባትጀምሪ ይሻላል፣ ለሀኪምሽ "በዚህ ቀን ስራ እገባለሁ" ብለሽ ንገሪያቸው፣ አስቀድመው ያስተካክሉልሻል። በራስሽ ግን ድንገት አታቋርጪው፣ አደራ።

አሁን ወደኔ ነገር ልግባ። አንድ ያማከርኩት ሰው ነበር፣ እሱም እንዳንቺ ኮምፒውተር ላይ የሚውል፣ "ታይፕ ማድረግ ገደለኝ፣ ሌላ ሙያ ፈልግልኝ" ብሎ ነው የመጣው። ደብተር ግዛና ሁለት ሳምንት በየሁለት ሰዓቱ ህመሙን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጠው፣ አጠገቡ እጅህ ምን ሲሰራ እንደነበር ጻፍ አልኩት። ደብተሩን አብረን ስናየው ታይፕ ያደረገባቸው ጠዋቶች 3 እና 4 ናቸው፣ 8 የተጻፈው ከምሳ በኋላ ነው፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ስልክ የሚያናግርበት ሰዓት ነበር፣ ክርኑን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተክሎ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ። የሚደነዝዘውም ትንሿ ጣቱና አጠገቧ ያለችው ነበረች፣ በክርን በኩል የሚያልፈው ነርቭ የሚሄደው ደግሞ እዛ ነው። ፎጣ አጥፎ ክርኑ ስር አደረገ፣ ሄድሴት ገዛ፣ ሙሉ በሙሉ ባይድንም እስካሁን እዛው ሙያ ላይ ነው። ስለዚህ አንቺም የትኛው ሰዓት፣ የትኛው አቀማመጥ፣ ቅዝቃዜ ይሁን መቆም ይሁን የሚያብስብሽ ሳታውቂ "ሙያዬ ነው የጎዳኝ" አትበይ።

ደግሞ ዳታ ማስገባት አካውንቲንግ ማለት አይደለም። ሌሎች ያስገቡትን ሂሳብ ማመሳከር፣ ኦዲት፣ ፔይሮል (የደመወዝ ሂሳብ) ቼክ ማድረግ፣ ደንበኛን በግብር ጉዳይ ማማከር፣ አዲስ ሰራተኛ ማሰልጠን፣ እነዚህ ሁሉ ያንቺው ትምህርት ናቸው፣ ጣትን ግን የሚፈልጉት በጣም ትንሽ ነው። ሪፖርት መጻፍ ካለ በድምጽ መጻፍ ትችያለሽ፣ ጎግል እኮ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው አማርኛን በድምጽ መጻፊያው ላይ የጨመረው፣ ስህተት ይኖረዋል ግን ማረም ከመጻፍ ይቀላል። ካሽየርነቱን እንዳትቀበዪ ያልኩሽም ለዚህ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ብር መቁጠር ማለት ጣት ስሜቱን ባጣበት ሰዓት ጣት ላይ መመስረት ነው፣ ብር ቢጎድል ደግሞ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ቀኑን ሙሉ ጠንካራ ወለል ላይ የሚያስቆም ስራም፣ ብርድ ክፍልም፣ የሚንቀጠቀጥ ማሽንም አትሞክሪ። እግርሽ ፔዳሉን በደንብ የማይሰማው ከሆነ መኪና የሚያስነዳ ስራም እንደዛው።

ሪሞት ስራ፣ ማለትም ከቤት ሆኖ መስራት፣ መፍትሄ ነው የሚሉሽ ይኖራሉ፣ እኔ ሙሉ በሙሉ አልስማማም፣ አልጋ ላይ ላፕቶፕ ታቅፎ መዋል ከቢሮ ወንበር ይብሳል፣ የሚያስነሳሽ ሰውም የለም። የትም ሆነሽ ስልክሽ ላይ በየ30 ደቂቃው አላርም ሙዪና ተነሺ፣ እጅሽን አፍታቺ። ከሁሉ በላይ የምፈራልሽ ግን ደህና ቀንን ነው፣ ህመሙ ቀለል ሲል ሰው የሳምንቱን ስራ በአንድ ቀን ልጨርስ ይልና ከዛ ሁለት ሶስት ቀን ይወድቃል፣ ቀጣሪ ደግሞ ከሚቸገርበት ነገር አንዱ ይሄ ነው፣ በየቀኑ መካከለኛ የሚሰራን ሰው ያምናል፣ አንድ ቀን በርትቶ ሁለት ቀን የሚጠፋን ግን ማመን ይከብደዋል። ደህና ስትሆኚም ልክሽ ላይ አቁሚ።

ስለ መናገሩ፣ ሲቪ ላይ አትጻፊው፣ ስራው ለደህንነት የሚያሰጋ ካልሆነ በመጀመሪያው ኢንተርቪው ላይም ማንሳት ግዴታ የለብሽም። እኔ የምመርጠው ጊዜ "ተቀብለንሻል" ካሉሽ በኋላ ኮንትራት ከመፈረምሽ በፊት ነው፣ ያኔም የህመሙን ታሪክ ከመዘርዘር የሚያስፈልግሽን ንገሪያቸው። እንዲህ በይ፦ "የነርቭ ህመም ስላለብኝ በየግማሽ ሰዓቱ ሁለት ደቂቃ መነሳት እፈልጋለሁ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ዘግይቼ ገብቼ ማታ አንድ ሰዓት ዘግይቼ ብወጣ ስራዬን በሙሉ እወጣለሁ።" በቃ፣ ከዚህ በላይ ማስረዳት የለብሽም። ሌሊቱን በህመም ላደረ ሰው ያቺ የጠዋት አንድ ሰዓት ትልቅ ነገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የተባበሩት መንግስታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አንቀጽ 27 ላይ በስራ ቦታ ተመጣጣኝ ማመቻቸት፣ ማለትም ሰራተኛው መስራት እንዲችል የሚያስፈልገው ማስተካከያ፣ መደረግ እንዳለበት ይላል፣ ያንቺ ሁኔታ በሀገርሽ የስራ ህግ እንዴት እንደሚታይ ጠይቂ። የጤና ፎርም ከሰጡሽ ግን አትዋሺ፣ በኋላ ስራ ሊያሳጣሽ ይችላል። "ለምን ለቀቅሽ?" ካሉሽም "የጤና ችግር ነበረብኝ፣ አሁን ክትትል ላይ ነኝ፣ መስራት እችላለሁ" ብለሽ እለፊው።

ደብተሩን ዛሬ ማታ ጀምሪው፣ የሌሊቱንም ጻፊ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደቀሰቀሰሽ ጭምር። ሁለት ሳምንት ሲሞላው ፎቶ አንስተሽ ከደም ምርመራው ውጤት ጋር ላኪልኝ፣ የትኞቹ ማስታወቂያዎች ላይ እንደምታመለክቺ ያኔ አንድ በአንድ አብረን እናያለን።