ጊታሩን መጀመሪያ ሳትሰኪ ምቺው

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። 21 ዓመቴ ነው። ሁለት ዓመት በአኮስቲክ ጊታር ስለማመድ ቆይቼ አሁን ኤሌክትሪክ ጊታርና አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ለመግዛት ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ገባሁ። ሻጩ ጊታር ከግድግዳ አውርዶ ትልቅ አምፕ ላይ ሰካልኝና ዲስቶርሽኑን፣ ድምፁን የሚያሻክረውን፣ ለቀቀው። በጣም አሪፍ ነበር። ሁለተኛ ሰጠኝ፣ እሱም አሪፍ። ሦስተኛውም እንደዛው። በዚያ ላይ ሰው ሁሉ የሚያየኝ መስሎኝ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ የማውቀው ኮርድ እንኳ ጠፋኝ። ምንም ሳልለይ ወጣሁ። ምኑን ነው ማየት ያለብኝ? ገንዘቡንስ ለጊታሩ ላድርገው ወይስ ለአምፑ?

መልስ፦ ሦስቱም አንድ የሆኑብሽ ጆሮሽ ስለማይለይ አይደለም። ዲስቶርሽን ሲበዛ የጊታሮችን ልዩነት ይውጠዋል። ቀስ ብለሽ የመታሽውንና አጥብቀሽ የመታሽውን እኩል ያደርገዋል፣ የጣትን ስህተትም ይሸፍናል። በዚያ ላይ ጆሯችን ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ በደንብ የሚሰማው ድምፁ ከፍ ሲል ስለሆነ፣ ያው አንድ ጊታር ራሱ ጮክ ሲል የተሻለ ጊታር ይመስላል። አንቺ የሰማሽው አምፑን ነው፣ ጊታሮቹን ገና አልሰማሻቸውም።

እኔም የመጀመሪያውን የገዛሁት እንዲሁ ትልቅ ባለ ቲዩብ (በመስታወት አምፖል መሰል ቱቦዎች የሚሠራ) አምፕ ላይ ሰምቼው ነው። ቤት ወስጄ ትንሿ አምፔ ላይ ስሰካው ሌላ ጊታር የተሰጠኝ መሰለኝ። አንገቱ ለእጄ ወፍራም እንደነበር እንኳ ያወቅኩት ያኔ ነው። ለዚህ ነው ለጠየቀኝ ሁሉ አንድ ነገር የምለው፤ መጀመሪያ ሳትሰኪ ምቺው።

ቁጭ ብለሽ ያዢው፣ ከዚያ ማንገቻ ለምነሽ ቆመሽ ያዢው። እጅሽን ስትለቂው አንገቱ ወደ መሬት የሚደፋ ከሆነ ግራ እጅሽ ሁልጊዜ ሲሸከመው ሊኖር ነው። ቀጥሎ ስድስቱንም ክሮች ከመጀመሪያው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ) እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ እየተጫንሽ ምቺ። አሰልቺ ነው፣ ግን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚወስደው፣ ሻጩም ቢያይሽ ነገሩ የገባት ናት ይላል እንጂ ሌላ አያስብም። ዝዝ የሚል ድምፅ በብዙ ቦታ ከሰማሽ ምናልባት የማስተካከያ ጉዳይ ነው፤ እንጨት በአየሩ እርጥበትና ድርቀት ይለዋወጣል፣ በአንገቱ ውስጥ ያለው ብረት ጠበቅ ወይም ላላ ሲደረግ ይስተካከላል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ግን እዚያ ጋ አንዱ ፍሬት ከጎረቤቶቹ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ የባለሙያ እጅ ይፈልጋል። ቀጫጭኖቹን ክሮች 12ኛው ፍሬት አካባቢና ከዚያ በላይ ቤንድ አድርጊያቸው፣ ማለትም ተጭነሽ ወደ ጎን ግፊያቸው። ድምፁ መሃል ላይ ታፍኖ ከቀረ ክሩ ሌላ ፍሬት እየነካ ነው።

እዚያው 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኚ ነካ አድርገሽ ሃርሞኒኩን፣ እንደ ደወል የጠራውን ድምፅ፣ ስሚ፣ ቀጥሎ ተጭነሽ ምቺው። ሁለቱ አንድ ድምፅ መስጠት አለባቸው። ካልሰጡ ብሪጁ ላይ (ክሮቹ ገላው ላይ በሚያርፉበት) ባሉት ብሎኖች ይስተካከላል፣ አንዳንዴም ክሩ አርጅቶ ነው፤ ሻጩ አስተካክሎ እንዲያስረክብሽ ጠይቂ፣ ነውር የለውም።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም ሳይነግራቸው ብዙዎች ይገዛሉ። በፌንደር ኩባንያዎቹ ስትራቶካስተርና ቴሌካስተር ጊታሮች ላይ የሚርገበገበው የክሩ ክፍል ርዝመት 648 ሚሊሜትር ነው። በጊብሰን ኩባንያው ሌስ ፖል ጊታር ላይ 628 አካባቢ ነው። ሁለት ሴንቲሜትር ምን ለውጥ አለው ትይኝ ይሆናል፣ ግን ባጠረው ላይ ፍሬቶቹ ትንሽ ይቀራረባሉ፣ ያው ውፍረት ያለው ክርም ለጣት ለስለስ ይላል። እጅሽ ትንሽ ከሆነ ሁለቱንም ዓይነት ሳትይዢ አትወስኚ።

አሁን ስኪው። ከመሰካትሽ በፊት የአምፑን ቮሊዩም ዜሮ አድርጊ፣ ጌይኑን (ዲስቶርሽን የሚያመጣውን ማዞሪያ) ዝቅ፣ ባስ ሚድልና ትሬብሉን መሃል ላይ፣ ሪቨርቡን (ማስተጋቢያውን) ዝጊው። ንጹሕ ድምፅ ብቻ። ከተቻለ ቤት ልትጠቀሚበት ካሰብሽው አምፕ ጋር የሚቀራረብ ይሰኩልሽ፣ ጊታሮቹንም ሁሉ በዚያው በአንዱ አምፕ፣ ማዞሪያዎቹን ሳትነኪ አወዳድሪያቸው። ፒክአፖቹን፣ ከክሮቹ ሥር ሆነው ድምፁን የሚለቅሙትን፣ አንድ በአንድ ቀያይሪ፣ የቮሊዩምና የቶን ማዞሪያዎቹን ከዳር ዳር አዙሪ፣ ኬብሉን ጃኩ ላይ በእርጋታ ወዝወዝ አድርጊው። የሚንጫጫ ወይም ድምፅ የሚቆርጥ ካለ ንገሪያቸው። እምምም የሚል ድምፅ ብትሰሚ ግን ወዲያው ተበላሽቷል አትበይ፤ ባለ አንድ የሽቦ ጥቅል ፒክአፕ ከመብራት መስመሩ የሚመጣውን እምምታ ይለቅማል፣ ፊትሽን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስታዞሪ ከቀነሰ እሱ ነው። ይህን ለማጥፋት ነበር የጊብሰኑ መሐንዲስ ሴዝ ላቨር (Seth Lover) እ.ኤ.አ. በ1955 ሃምበከር የተባለውን ፒክአፕ የሠራው። ሁለት ጥቅሎች ተቃራኒ ሆነው ይገጠሙና እምምታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ድምፁ ወፈር ያለ ነው፤ የነጠላው ደግሞ ጥርት ይላል። እኔ ነጠላውን ከነእምምታው እወደዋለሁ፣ አንቺ የራስሽን ስሚ።

ስለ እጅሽ መንቀጥቀጥ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለብቻሽ የለፋሽበትን ነገር ድንገት ሰው ፊት ስታደርጊው እጅ ቢንቀጠቀጥ ምን ይገርማል? ከቤት ሳትወጪ ሦስት ነገር ምረጪ፣ በእንቅልፍ ልብሽ እንኳ የምትመቻቸውን። አንድ የኮርድ ዙር፣ አንድ ቀስ ያለ ዜማ፣ አንድ በጣት የሚመታ። በእያንዳንዱ ጊታር ላይ እነዚያኑ ሦስቱን ብቻ ተጫወቺ። ፍርሃቱም ይቀላል፣ ማወዳደሩም ትክክለኛ ይሆናል። ሱቁ በማይጨናነቅበት ሰዓት ሂጂ፣ ፊትሽን ወደ አምፑ አዙሪ። ጆሮሽ ሲደክም ደግሞ ውጪና አየር ውሰጂ፤ የደከመ ጆሮ ሁሉንም እሺ ይላል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ሁሉን ለጊታሩ አድርገሽ በተረፈው አምፕ አትግዢ። በደንብ የተስተካከለ መካከለኛ ጊታር ከጥሩ አምፕ ጋር፣ ውድ ጊታር ደካማ አምፕ ላይ ከሚሰጥሽ ድምፅ ይበልጣል። እኔ ብሆን ግማሽ ለግማሽ እከፍለዋለሁ፣ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ያለው ትንሽ አምፕም እመርጣለሁ፣ ማታ ማታ ማንንም ሳልረብሽ እንድለማመድ።

ጥያቄ (ከሌላ ጠያቂ)፦ 100 ዋት አምፕ ከ50 ዋቱ እጥፍ ይጮሃል? ለቤት ስንት ዋት ይበቃኛል?

መልስ፦ አይጮህም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ በጆሮህ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማህ ወደ አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስፒከሩም ብዙ ይወስናል። ለመኝታ ክፍል ባለ 5 ዋት ቲዩብ አምፕ እንኳ ጎረቤት ለመቀስቀስ ይበቃል። የቲዩብ አምፕን ደግሞ ስፒከሩ ሳይገናኝ አብርተህ እንዳትጫወት፣ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል። ሱቅ ስትሄድ ቤትህ በምትከፍተው ልክ ክፈተው፣ ሻጩ ከፍ ላድርግልህ ቢልህም። በዚያ ልክ ካልጣመህ ሌላ ይሰኩልህ።