ጥያቄና መልስ፦ የፈረንሳይኛ ቀለም የት ይከፈላል? አጽንኦቱስ የት ያርፋል?

ቀለም የምለው በአንድ ጊዜ የሚነገረውን የቃል ክፍል (ሲላብል) ነው፤ አጽንኦት ደግሞ አንዱ ቀለም ከሌሎቹ ጎልቶ መሰማቱ ነው። አንድ አንባቢ በፈረንሳይኛ አናባቢዎች አናት ላይ የሚደረጉት ምልክቶች አጽንኦት የሚያርፍበትን ቦታ ያመለክቱ እንደሆነ ጠይቀዋል። አያመለክቱም።

አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ደግሞ በየቃሉ አጽንኦቱ የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ዝርዝር እንድልክላት ትሻለች። እንዲህ ያለ ዝርዝር አያስፈልግሽም። በጣሊያንኛ እያንዳንዱ ቃል የራሱ አጽንኦት አለው፤ በፈረንሳይኛ ግን አጽንኦት የሚያርፈው አብረው በሚነገሩ ቃላት መጨረሻ፣ ድምፁ በሚሰማው የመጨረሻ ቀለም ላይ ነው። «ሜዞን» (ቤት) ለብቻው ሲነገር አጽንኦቱ «ዞን» ላይ ያርፋል፤ «ሜዞን ብላንሽ» (ነጭ ቤት) ሲባል ግን ወደ «ብላንሽ» ይሻገራል። ይህም የሚገለጸው በመጮህ ሳይሆን በዋናነት ቀለሙን ረዘም በማድረግ ነው። መነሻው በላቲን ነው፦ «ቦኒታቴም» (ደግነት) አጽንኦቱ «ታ» ላይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው በዘመናት ሂደት ረግፎ «ቦንቴ» ሲቀር፣ አጽንኦት የነበረው ቀለም የቃሉ መጨረሻ ሆነ። የቀለም ድንበርም ቢሆን የቃልን ድንበር አይጠብቅም፤ «ሌ» እና «አሚ» ተያይዘው ሲነገሩ «ሌ-ዛ-ሚ» (ጓደኞቹ) ይሆናሉ። ተማሪዎቼን ቃል በነጠላ እንዳያጠኑ አጥብቄ የምለምነው ስለዚህ ነው፤ በነጠላ የተጠና ቃል በንግግር መካከል ሲመጣ አይታወቅምና። አንቺም ከዝርዝሩ ይልቅ ሙሉ ሐረግ ጮክ ብለሽ አንብቢ።

ሦስተኛው ጠያቂ በመስመር መጨረሻ ቃል ሲቆርጡ መዝገበ ቃላታቸውና ጆሯቸው አልስማማ ብለዋቸዋል። የጽሑፍና የንግግር አከፋፈል ስለሚለያይ ነው። «ሳምዲ» (ቅዳሜ) በጽሑፍ «ሳ-መ-ዲ» ተብሎ በሦስት ሲከፈል፣ በተለመደው ንግግር «ሳም-ዲ» ሁለት ቀለም ብቻ ነው። በሁለት አናባቢዎች መካከል ያለ አንድ ተነባቢ ወደ ቀጣዩ ቀለም ይሄዳል፤ ሁለት ከሆኑ ይለያያሉ፤ እንደ «ብል» እና «ትር» ያሉት ግን አይነጣጠሉም። «አዲሲዮን» (ድምር) በሁለት «ዴ» ስለሚጻፍ በወረቀት ላይ በሁለቱ መካከል ይቆረጣል፤ ሲነገር ግን «ዲ» መላላት አለበት፤ ማጥበቅ የለመድን አማርኛ ተናጋሪዎች እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። ለቀሩት ልዩ ሁኔታዎች መዝገበ ቃላትን ይመልከቱ።

በሊዮን የሚኖሩ እናት የሰባት ዓመት ልጃቸው ቃላትን በጭብጨባ ወደ ቀለም መክፈል እንዳቃተው፣ ማንበብም እንደከበደው ጽፈው፣ በጊዜ ሂደት ይስተካከል እንደሆነ ጠይቀዋል። እባክዎ አይጠብቁ። ቀለምን በጆሮ መለየት የንባብ መሠረት ስለሆነ፣ ሐኪም የመስማት ችሎታውን ይመርምርለት፤ ኦርቶፎኒስት (የንግግርና የንባብ ችግር ባለሙያ) ዘንድም ሳይዘገዩ ቀጠሮ ይያዙ፤ እኔ በጽሑፍ የምመልሰው የባለሙያን ምርመራ ሊተካ አይችልም። አማርኛው ነው ያደናገረው የሚልዎት ቢኖር ግን ቤት ውስጥ አማርኛ መናገርዎን አያቋርጡ። በቀጠሮው ቀንም ልጁ የአማርኛ ቃላትን ወደ ቀለም መክፈል ይችል ወይም አይችል እንደሆነ ለባለሙያው ይንገሩ፤ ችግሩ በሁለቱም ቋንቋዎች መታየት አለመታየቱ ለምርመራው እጅግ ያስፈልጋል።