ከ1 ወደ 0 የቀየርኳት ቁጥር

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ አንዲት ቁጥር ከ1 ወደ 0 ቀይሬ ሃያ አራት ሰው የበተንኩ ሰው ነኝ።

ሙያዬ የኔትወርክ ምሕንድስና ነው። ቀን ቀን የሌሎችን መስመር ስጠግን እውላለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ከኪሴ እየከፈልኩ አንድ የጨዋታ ሰርቨር፣ ማለትም ተጫዋቾች በኢንተርኔት የሚገናኙበትን ኮምፒውተር፣ አስተዳድር ነበር። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ቲም ፎርትረስ 2 ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች ከአሥራ ሁለት ሰዎች ጋር የሚታኮሱበት፣ ገጸ ባሕርያቱ ካርቱን የሚመስሉ፣ ላዩ ሳቅ ውስጡ ግን ጥልቅ የሆነ ጨዋታ። ከሥራ ወጥቼ ስገባ ሰርቨሩ ሞልቶ አገኘዋለሁ። ግማሾቹ ዒላማ የማይመቱ፣ በራሳቸው ሮኬት ራሳቸውን የሚገድሉ፣ ውጊያው መካከል ላይ ከጠላት ጋር ቆመው የሚጨፍሩ ነበሩ። አንዱማ በየምሽቱ ውኃው ዳር አንድ ጥግ ይዞ አውቶማቲክ መትረየሱን ይተክላል። በዚያ በኩል ጠላት አያልፍም። ማንንም ሳይመታ ያመሻል። ቦታውን እንዲቀይር ስንት ጊዜ ነገርኩት! መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እዚህ ደስ ይለኛል።»

እኔ ከሌላው ወገን ነበርኩ። ስድስት ለስድስት በሚካሄደው ውድድር የምሳተፍ፣ ከጨዋታ በኋላ የራሴን ቅጂ መልሼ እያየሁ ስሕተቴን የምለቅም ሰው። በዚያ ዓለም የተጠላ አንድ ነገር አለ፤ ተጫዋቾች ክሪት ይሉታል። አልፎ አልፎ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የተኮሳችሁት ጥይት እያብረቀረቀ ይወጣና ጉዳቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። የመጣበትን ሰው ጎበዝም ይሁን ሰነፍ ብዙ ጊዜ በአንዴ ይጥለዋል። በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ዕድሉ በመቶ 2 ያህል ነው። በውድድር ሕግ ይህ ዕድል ይዘጋል፤ ሰው በችሎታው እንጂ በዕጣ መሸነፍ የለበትምና። አንድ ምሽት እንዲህ ባለ ሮኬት ሦስት ጊዜ ተከታትዬ ወደቅሁ። ጨዋታውን ዘግቼ የሰርቨሩን ቅንብር ከፈትኩና ክሪትን የምትፈቅደውን ቁጥር ከ1 ወደ 0 ቀየርኳት።

የመጀመሪያው ሳምንት ጎበዞቹ አመሰገኑኝ። በሦስተኛው ሳምንት ሃያ አራቱ አሥራ ስምንት ሆኑ። ከዚያ አሥራ ሁለት። የሄዱት ደካሞቹ ናቸው ብዬ አልደነገጥኩም። ያልጠረጠርኩት ግን ደካማ የሚባለው ቦታ ባዶ እንደማይቀር ነው። የመጨረሻዎቹ ሲሄዱ ከእነሱ በላይ የነበሩት የመጨረሻ ይሆናሉ። በየምሽቱ ከታች አንድ ሁለት ሰው ይቆረጣል፣ በማግስቱ አዲስ መጨረሻ ይፈጠራል። በሁለት ወር ውስጥ ባዶ ካርታ ላይ ብቻዬን እየሮጥኩ የራሴን ኮቴ አዳመጥኩ።

ነገሩን በኋላ ስመረምረው ስሌቱም እንዳሰብኩት አልነበረም። የክሪት ዕድል ለሁሉም እኩል አይደለም፤ ባለፉት 20 ሴኮንዶች ብዙ ጉዳት ላደረሰ ሰው እስከ በመቶ 12 ያድጋል። ስለዚህ ከዕጣው ይበልጥ የሚጠቀመው ጎበዙ ነበር፤ እኔው ራሴ ማለት ነው! ደካሞቹ የሄዱት የጦር መሣሪያ ተቀምተው አይደለም። እኔ በምሽት ሃያ ክሪት ተኩሼ አንዱንም አላስታውስም፤ እነሱ አንዷን ይተኩሱና ሌሊቱን ሙሉ ያወሯታል። የወሰድኩባቸው ወሬያቸውን ነው።

ይህ ጠብ ከእናንተ በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ዱም የተባለው የተኩስ ጨዋታ ሲወጣ አራት ሰዎች ኮምፒውተሮቻቸውን በገመድ አገናኝተው ይታኮሱ ነበር፤ ያኔ ሁሉም እየሳቀ ነው። አራት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ በ1997፣ ዴኒስ ፎንግ የተባለው ወጣት፣ በጨዋታ ስሙ ትሬሽ፣ ኩዌክ የተባለውን የተኩስ ጨዋታ ውድድር አሸንፎ ጆን ካርማክ የተባለው የጨዋታው ፕሮግራም ጸሐፊ ይነዳት የነበረችውን ፌራሪ ተሸለመ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ተቀምጧል፦ ለሳቅ የመጣና ለፌራሪዋ የመጣ።

ሠሪዎቹም ይህን ስለተረዱ ክፍሉን ለሁለት ከፈሉት። በ2007 የወጣው ሃሎ 3 ደረጃ የሚሰጥበትንና ለመዝናናት የሆነውን ለየብቻ አስቀመጠ። ቲም ፎርትረስ 2 በይፋ የውድድር ክፍል ያገኘው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 ነው። አንዱ ቡድን ቦምብ ተክሎ ሌላው የሚያከሽፍበትን የካውንተር ስትራይክ ጨዋታ ሁለት ክፍሎች ብታዩ ልዩነቱ ከስም በላይ ነው። በውድድሩ አምስት ለአምስት ነው፤ የቦምብ ማክሸፊያውን መሣሪያ በጨዋታው ገንዘብ 400 ከፍላችሁ ትገዛላችሁ፣ ጓደኛችሁን በስሕተት ብትመቱት ይጎዳል። በመዝናኛው ብዙ ሰው ይገባል፣ ጥሩርና ማክሸፊያ በነጻ ይታደላል፣ ጥይታችሁ ጓደኛን አይጎዳም። ሕጉ ራሱ እዚህ ስትሳሳቱ ማንም አይከስርም እያለ ነው። ስለዚህ በመዝናኛው ክፍል ውስጥ ሰውን «ለምን በደንብ አትጫወትም» ብሎ የሚሳደብ ሰው ያላነበበው ሕግ አለ። በውድድሩ ክፍል ገብቶ በሁለተኛው ዙር ሰለቸኝ ብሎ የሚወጣም እንዲሁ። አሁን ባለው ሕግ ለማሸነፍ 13 ዙር ያስፈልጋል፤ እናንተ ስትወጡ የቀሩት አራቱ አንድ ሰው ጎድሏቸው ያን ሁሉ ዙር ይታገላሉ። «ጨዋታ እኮ ነው» የምትለዋን ቃል አከብራታለሁ፤ ግን ስትሸነፉ ብቻ ከአፋችሁ የምትወጣ ከሆነ ማመካኛ ናት።

በካውንተር ስትራይክ ውስጥ የሁለቱን ሰዎች ጠባይ ከምንም በላይ የምታሳይ አንዲት ቅጽበት አለች። አራቱ ሞተዋል፣ አንድ ሰው ቀርቷል። ቦምቡ ተተክሏል፤ ከተተከለበት ጀምሮ 40 ሴኮንድ አለው። ያ ሰው ማክሸፊያ ካለው 5 ሴኮንድ፣ ከሌለው 10 ሴኮንድ ቦምቡ አጠገብ ሳይንቀሳቀስ መቆየት አለበት። የቀረውን ጠላት የሚያገኘው በዓይኑ አይደለም፤ በጆሮው ነው። በእንጨት ወለል ላይ የተረገጠ እግርና በብረት መሰላል ላይ የተረገጠ እግር ድምፃቸው ይለያል። በዚህች ሰዓት አራቱ ሙታን ማይክሮፎናቸውን ከፍተው ሁሉም በአንድ ላይ ይናገራሉ፦ «ግራ! ግራ ነው!» «ቶሎ በል እንጂ!» «አይ፣ አበላሸው።» ሕያው የሆነው ሰው የጠላቱን ኮቴ ያጣው በወዳጆቹ ጩኸት ነው። ከዚያ ሲሞት አራቱም እሱን ይወቅሳሉ። ምክሬ አጭር ናት፦ ከሞታችሁ በኋላ ዝም በሉ። ያያችሁትን ጠላት ቦታ በሦስት ቃል ተናገሩና ማይክሮፎኑን ዝጉ። ይህችን ያወቀ ጀማሪ፣ ይህችን ከማያውቅ ባለ ከፍተኛ ደረጃ ይሻለኛል፤ ለቡድኔ ብመርጥ የምመርጠው እሱን ነው።

ስለ ደረጃ ደግሞ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችሁን እንቅልፍ የሚነሳችሁ እሱ ነውና። ዛሬ በየጨዋታው ለምታዩት ቁጥር መሠረቱን የጣለው አርፓድ ኤሎ የሚባል፣ ሃንጋሪ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረ የፊዚክስ መምህር ነው። ለቼዝ የሠራውን ስሌት የአሜሪካ ቼዝ ፌዴሬሽን በ1960፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ1970 ተቀበሉት። ስሌቱ ቀላል ነው። ከተጋጣሚያችሁ በ200 ነጥብ ከበለጣችሁ ከ100 ጨዋታ 76 ያህሉን ታሸንፋላችሁ ብሎ ይጠብቃል። የተጠበቀውን ስታደርጉ ጥቂት ይሰጣችኋል፤ ያልተጠበቀውን ስታደርጉ ብዙ ይወስድባችኋል። በአንድ ጨዋታ ከፍተኛው ለውጥ 32 ነጥብ ቢሆን፣ ስታሸንፉ 8፣ ስትሸነፉ 24 ማለት ነው። ሦስት ድል አንዲት ሽንፈትን ብቻ ይመልሳል። ኤሎ ራሱ ስለ ሥራው የነበረው አስተያየት ትሑት ነበር፤ ነገሩን ውኃ ላይ ከፍ ዝቅ እያለ የሚንሳፈፍን ቡሽ፣ ነፋስ በሚያወዛውዘው ገመድ ላይ በታሰረ ሜትር ከመለካት ጋር አመሳስሎታል። ሠሪው እንዲህ ያለለትን ቁጥር እናንተ በስማችሁ አጠገብ እንደ ማዕረግ ታንጠለጥሉታላችሁ።

ማይክሮሶፍት ለጨዋታዎቹ የሠራው ትሩስኪል ደግሞ ስለ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ቁጥር ይይዛል፦ ግምትና ጥርጣሬ። አዲስ ሰው ግምቱ 25፣ ጥርጣሬው 8.33 ነው። የሚታየው ደረጃ ከግምቱ ላይ የጥርጣሬው ሦስት እጥፍ ተቀንሶ ስለሚገኝ ጀማሪ ከ0 ይነሣል። ልብ በሉ፤ ማሽኑ ደካማ ነው አላለውም፣ አላውቀውም ነው ያለው። ሰዎች ግን ዜሮውን ሲያዩ ይስቁበታል።

«ተጣብቄ ቀረሁ፣ የሚደርሱኝ ጓደኞች ሰነፎች ናቸው» ብሎ የሚጽፍልኝ ወጣት ብዙ ነው። በሙያዬ ልመልስለት። አጣማሪው ፕሮግራም ተግባሩ እኩያ መፈለግ ነው፤ ሥራውን በደንብ ከሠራ ግማሹን ታሸንፋለህ፣ ግማሹን ትሸነፋለህ። ግማሹን መሸነፍህ መሣሪያው እየሠራ መሆኑን ያሳያል። ሰነፍ ጓደኛን በተመለከተ ደግሞ ቆጠራው ከአንተ ጋር ነው፦ አንተ ራስህ ሰነፉ ካልሆንክ፣ በአንተ ቡድን ሰነፍ ሊገባበት የሚችለው ቦታ 4 ነው፣ በተጋጣሚህ በኩል 5። በአንድ ምሽት ይህ ላይታይ ይችላል፤ በሁለት መቶ ጨዋታ ግን ይታያል። (ውድ ስክሪን ልትገዛ ካሰብክም ቆይ። በሴኮንድ 60 ጊዜ ከሚታደሰው ወደ 240 ብትሄድ በእያንዳንዱ ምስል የምታተርፈው 12 ሚሊሴኮንድ ተኩል ያህል ነው። ገመድ አልባው ኢንተርኔትህ ሲንቀጠቀጥ ከዚያ በላይ ያጠፋብሃል። መጀመሪያ ገመድ ሰካ። ይህን ስንት ጊዜ ተናግሬ ስንት ጊዜ እንዳልተሰማሁ አትጠይቁኝ።)

በሁለቱም ወገን ይቅርታ የማላደርግለት አንድ ሰው ብቻ አለ። ደረጃው ከፍ ብሎ ሳለ አዲስ ስም አውጥቶ ጀማሪዎች መካከል የሚገባው፤ ስመርፍ ይሉታል። የቆየ ነገር ነው፤ ስሙ በ1990ዎቹ የዋርክራፍት 2 ተጫዋቾች ዘንድ ነው የወጣው። «ለመዝናናት ነው» ይላል። የሚዝናናው ግን እሱ ብቻ ነው፤ በዚያ ምሽት የመጀመሪያ ጨዋታውን ከፍቶ ስድሳ ጊዜ የሞተው ልጅ ተመልሶ አይመጣም። በእኔ ሰርቨር ላይ እንደዚህ ያለ ሰው ሳይ አላስጠነቅቅም ነበር፤ አባርራለሁ።

ቁጥሯን ወደ 1 መለስኳት። ሁለተኛ ሰርቨርም ተከራየሁ፣ እሱን 0 አደረግኩት፤ በሁለቱም ደጃፍ ምን እንዳለ በትልቁ ጻፍኩ። ከሄዱት ሁሉም አልተመለሱም። ሁለት ክፍል መኖሩም ዋጋ አለው፤ ሰው ሲያንስ ሁለቱም ይሳሳሉ፣ በጎበዞቹ በኩል ደግሞ አሥራ ሁለት ሰው እስኪሞላ ግማሽ ሰዓት የተጠበቀበት ምሽት ነበር። ቢሆንም ከወራት በኋላ ያ የውኃ ዳሩ ሰው መጣ፤ እዚያው ጥግ ላይ መትረየሱን ተከለ።

አንድ ምሽት የውድድሩ ሰርቨር አንድ ሰው ጎደለን። ማን እንደገባ ሳየው እሱ ነው። ልቤ ወደቀ። እሱ ግን በቀጥታ ወደ መካከለኛው ነጥብ ሄደ፤ እኔ ለዓመታት ስነግረው በነበረው ቦታ፣ ከበሩ በላይ ካለው እርከን ኋላ፣ መትረየሱን ተከለ። የት እንዳለ እስኪገባቸው ዘጠኝ ሰው ጣለ። አሸነፍን። በማግስቱ ስገባ ውኃው ዳር ነበር። አላስቻለኝምና ጻፍኩለት፦

«ቦታውን ታውቀው ነበር ማለት ነው?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን እዚህ ትተክለዋለህ?»

ጥቂት ቆይቶ መለሰልኝ፦ «እዚያ ሰው ይመጣል።»