የእኔ ድድ ሸሸ፣ የእህቴ ድድ በዛ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣

አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዛሬ ግን የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ።

36 ዓመቴ ነው። ከላይ በግራ በኩል ያለው ክራንቻዬ ከሌሎቹ ጥርሶቼ ረዝሞ መታየት ከጀመረ ቆይቷል። ጥርሱ ወደ ታች የወረደ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ለካ ድዱ ነው ወደ ላይ የሸሸው። ነጩ የጥርሱ ክፍል ያበቃና ከበላዩ ቢጫ ነገር ይታያል። አጠገቡ ያለውም ጀምሮታል። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው እስከ ጆሮዬ ድረስ ይነዝረኛል። ሰው ፊት ስስቅ አፌን በእጄ መሸፈን ልማድ ሆኖብኛል።

ጥርሴን በቀን ሁለቴ፣ ጠንካራ ብሩሽ ይዤ፣ በደንብ እየፈተግሁ ነው የምቦርሸው። ስለዚህ "የንጽህና ጉድለት ነው" ሲሉኝ መቀበል ይከብደኛል።

አንድ የጥርስ ሐኪም ከላንቃሽ ሥጋ ወስደን እዚያ ላይ እንተክላለን አለኝ። ሌላው ጋ ስሄድ መቆረጥ አያስፈልግም፣ በትንሽ ቀዳዳ ገብተን ድዱን አላቅቀን እናወርደዋለን አለኝ። ሦስተኛዋ ደግሞ የተገለጠውን በጥርስ መሙያ መሸፈን ይበቃል ባይ ናት። ሦስቱም ሐኪሞች ናቸው። የቱን ልመን? ከላንቃ ይወሰዳል የሚለውን ከሰማሁ ወዲህማ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ታላቅ እህቴ ላይ የደረሰው የዚህ ተቃራኒ ነው። ለደም ግፊቷ አምሎዲፒን ትወስዳለች። ድዷ በጥርሶቿ መሃል እያበጠ መጥቶ የፊት ጥርሶቿን እየዋጣቸው ነው። ስትቦርሽ ይደማል። በሌዘር ይቆረጥልሽ ተብላለች። እሷ ግን "መድኃኒቱ ነው እንዲህ ያደረገኝ፣ አቆመዋለሁ" እያለች ነው። ምን እንደምላት ጨነቀኝ።

አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ ከልቤ ነው የምጠይቀው። ከእሷ ተቆርጦ የሚጣለውን ድድ ለእኔ መትከል አይቻልም?

የሁለት ድድ ጭንቀት ያለብኝ አንባቢዎ


መልስ

እህቴ፣ ከአንቺ በፊት የታላቅሽን ላስቀድም። መድኃኒቷን በራሷ እንዳታቆም ዛሬውኑ ንገሪያት። የድድ እብጠት ጥቂት ሳምንት ቢቆይ ችግር የለውም። ያለ መድኃኒት የሚያሻቅብ ደም ግፊት ግን ልብና አንጎልን ይጎዳል። ምን ማድረግ እንዳለባት ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወዳንቺ። ድድ አንዴ ከሸሸ በራሱ ተመልሶ አያድግም። የሚመልሰው የጥርስ ሳሙናም፣ ዘይትም፣ መጉመጥመጫም የለም። ይህን የምልሽ ተስፋ ላስቆርጥሽ አይደለም፤ ገንዘብሽንና ጊዜሽን እዚያ ላይ እንዳትጨርሺ ነው። ያየሽው ቢጫ ነገር የጥርሱ ሥር ነው። ነጩ ክፍል ኢናሜል በተባለ ጠንካራ ንጣፍ የተሸፈነ ነው፤ ሥሩ ግን ኢናሜል የለውም። የሥሩ ሽፋን ስስ ስለሆነ ቶሎ ይፋቃል። ከሽፋኑ ሥር ያሉት ጥቃቅን ቱቦዎች ሲገለጡ ቅዝቃዜው ነርቩን ያገኘዋል። ንዝረቱ ከዚያ ነው።

ስለ ንጽህና ያልሽውን አምንሻለሁ። ድድ ጥርሱን በማያጸዳ ሰው ላይ ይሸሻል፤ አጥብቆ በሚፈትግ ሰው ላይም ይሸሻል። ክራንቻ በጥርስ ረድፉ ማዕዘን ላይ የቆመ ጥርስ ነው። ሥሩ ወደ ውጭ ጎላ ስለሚል የሚሸፍነው አጥንትም ድድም ብዙ ጊዜ ስስ ነው። ጠንካራ ብሩሽ በየቀኑ ሲያርፍበት የመጀመሪያው ተጎጂ እሱ ቢሆን አይገርምም። ከዛሬ ጀምሮ ለስላሳ ብሩሽ ያዢ። ብሩሹን በ45 ዲግሪ ወደ ድዱ አዘንብይውና ሳትጫኚ፣ በአጭር በአጭሩ እያንቀሳቀስሽ 2 ደቂቃ ቦርሺ። ይህ ሳይስተካከል የተሠራ ቀዶ ሕክምና ውጤቱ እንደገና ሊሸሽ ይችላል። ያኔ ሕመሙም ወጪውም ለምን ነበር?

ሦስቱ ሐኪሞች የተለያየ ነገር ስለነገሩሽ አንዳቸው አሳስተውሻል ማለት አይደለም። ሦስቱም የመለሱልሽ "በምን ይሸፈን" የሚለውን ነው። ከዚያ በፊት የሚመጣው ግን "ለምን ሸሸ፣ ግራና ቀኙስ ምን ቀርቶታል" የሚለው ነው። መስታወት ፊት ቁሚና በክራንቻሽና በጎረቤቶቹ መሃል ያለውን ሦስት ማዕዘን ድድ እዪው። መሃሉን ሞልቶ፣ ሮዝ ሆኖ፣ ሳይደማ ከቆመ መልካም ምልክት ነው። ጎድሎ ጥቁር ክፍተት ከታየሽ ግን በጥርሶቹ መካከል ያለው አጥንትም ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች የድድ መሸሽን ደረጃ የሚለዩባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የሚለር ምደባም ሆነ በ2011 የወጣው የካይሮ ምደባ ትልቁን ትኩረት የሚሰጡት ለዚህ መካከል ነው።

ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ይሄን የተረዳ ሰው ግማሹን ውሳኔ በራሱ ይወስናል። የጥርስ ሥር ላዩ ደም ሥር የለውም። በእሱ ላይ የሚቀመጠው ሥጋ ምግቡን የሚያገኘው ከዙሪያው ካለው ድድና አጥንት ነው። ዙሪያው ከሌለ ችግኝን ዓለት ላይ እንደ መትከል ነው። በጥርሶቹ መሃል ያለው አጥንትና ድድ ሙሉ ከሆነ ሥሩን ሙሉ በሙሉ መሸፈን ይቻላል። በከፊል ከጎደለ የሚጠበቀው ከፊል ሽፋን ነው። በጣም ከጎደለ ደግሞ ለውበት ተብሎ የሚደረግ ተከላ ብዙ አያተርፍም። ይህን አስቀድሞ የሚነግርሽ ሐኪም ሐቀኛ ሐኪም ነው።

ስለዚህ ልኬት ጠይቂ። ሐኪሙ የሚሊ ሜትር ምልክት ባለው ቀጭን መለኪያ በጥርሱና በድዱ መካከል ያለውን ጥልቀት ይለካል። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሆኖ ካልደማ ጤናማ ነው። 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ኪስ ተፈጥሯል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ራጅም ያስፈልጋል። ኪስ ካለሽ ተከላው ይቆይና መጀመሪያ ከድድ በታች ያለው የደረቀ ቆሻሻ በማደንዘዣ ይጸዳል። ከሳምንታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በ3 ወር ገደማ እንደገና ይለካል። አንድ ነገር ልብ በዪ። ያበጠ ድድ ሲጸዳ እብጠቱ ይወርድና ጥርሱ ይበልጥ የረዘመ ይመስላል። ብዙ ሰው "ታጥቤ ነው የባሰብኝ" ብሎ የሚያማርረው ለዚህ ነው። እብጠቱ ደብቆት የነበረው ነው የታየው።

አሁን እንቅልፍ ወደ ነሳሽ ላንቃ ልምጣ። የሚወሰደው ትልቅ ቁራጭ ሥጋ አይደለም። ቦታው ይደነዝዛል። በተለመደው አሠራር ከላንቃው ቆዳ ሥር 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ሥጋ ትወጣና የላይኛው ሽፋን ተመልሶ ይሰፋል። የወጣችው በተገለጠው ሥር ላይ ትቀመጣለች፤ የራስሽ ድድ ትንሽ ወደ ታች ተስቦ ይሸፍናታል። ሲሠራ የሚሰማሽ መጫን ነው። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ሰው ከጥርሱ ይልቅ ላንቃው ያመዋል፤ ይሄን አልደብቅሽም። ሕመሙ የሚከፋው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ላንቃው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይድናል። ቁስሉን የምትሸፍን ቀጭን የፕላስቲክ ሽፋን ሊሠራልሽ ስለሚችል ጠይቂ፤ ሕመሙን በጣም ታቀላለች።

ሁለተኛው ሐኪም ያለሽ ዘዴ ጆን ቻዎ የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በ2012 ውጤቱን ያሳተመበት ነው። በትንሽ ቀዳዳ ድዱ ከሥር ይላቀቅና ተስቦ ይወርዳል፤ ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን የተሠሩ ቁርጥራጮች ደግፈው ይይዙታል። ላንቃ አይነካም፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ጥርስ ይሠራል። ነገር ግን እሱም ቀዶ ሕክምና ነው። ድዱንም ከላንቃ የመጣው ሥጋ ያህል አያወፍረውም። የረጅም ጊዜ ማስረጃው የበዛው ለላንቃው ተከላ ነው። ድድሽ ስስ ከሆነና የተጎዱት አንድ ሁለት ጥርሶች ብቻ ከሆኑ እኔ የማዘነብለው ወደ ላንቃው ነው።

የጥርስ መሙያው ንዝረትን ያስታግሳል፤ ብሩሽ የቦረቦረውንም ይሞላል። ድድን ግን አይመልስም። ተከላ ካሰብሽ ሳትሞዪ በፊት ወስኚ፤ የተሞላ ሥር ላይ መትከል ሥራውን ያወሳስበዋል።

ምንም አለማድረግም ምርጫ ነው። የተገለጠው ጥቂት ከሆነ፣ ካልጨመረና መልኩ ካላስጨነቀሽ በየ6 ወሩ እያስለኩ መከታተል ይበቃል። ለንዝረቱ ፖታሲየም ናይትሬት ያለበት የጥርስ ሳሙና አለ። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሳያቋርጡ መጠቀም ይፈልጋል፤ በ3 ቀን አልሠራም ብለሽ እንዳትጥዪው። አንቺ ግን ለመሳቅ እጅሽን የምታነሺ ሰው ነሽ። ይሄ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም። ልኬቱ ከፈቀደልሽ ብትሠሪው ደስ ይለኛል።

ከተሠራሽ ደግሞ ስፌቱን ለማየት ከንፈርሽን አትግለጪ። ጥሩ የተሠራ ተከላ ከንፈር በመጎተት ሲላቀቅ ያሳዝናል። ወደ 2 ሳምንት ያህል እዚያ ቦታ ላይ ብሩሽ አይነካም፤ በምትኩ ክሎርሄክሲዲን በተባለ ጀርም ገዳይ መጉመጥመጫ ትጉመጠመጫለሽ። ለረጅም ጊዜ ከተጠቀሙበት ጥርስ ስለሚያጠቁር ሐኪሙ ካለሽ ጊዜ አትለፊ። ትምባሆ ከነካሽ ደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ተከላው ሊከሽፍ ይችላል። ከደማ እርጥብ ንጹሕ ጨርቅ አድርገሽ በየመሃሉ ሳታነሺ 20 ደቂቃ ተጫኚው። የማይቆም ደም፣ ትኩሳት ወይም ከ3ኛው ቀን በኋላ የሚጨምር እብጠት ካለ ወዲያውኑ ተመለሺ። ድዱ መጀመሪያ ቢነጣ ወይም የተዥጎረጎረ ቢመስል አትደንግጪ። እውነተኛ መልኩ የሚታየው ከ3 እስከ 6 ወር ቆይቶ ነው።

የእህትሽን ድድ ለአንቺ መትከል አይቻልም። የሌላ ሰው ሕይወት ያለው ሥጋ ሲመጣ ሰውነትሽ ይዋጋዋል። በዚያ ላይ የእሷ ድድ የተቆጣ ነው። ከለጋሽ የተወሰደ፣ ሴሎቹ በሙሉ የወጡለት የቆዳ ንጣፍ ግን አለ። ላንቃዬ አይነካ የሚል ሰው እሱን መጠየቅ ይችላል። አንዳንዴም ከራስሽ የመጨረሻ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ኋላ ካለው ወፍራም ድድ ይወሰዳል።

ወደ እህትሽ ልመለስ። አምሎዲፒንና የእሱ ዘመድ ኒፈዲፒን በአንዳንድ ሰው ላይ ድድ ያሳብጣሉ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይንና ኩላሊት ለተተከለላቸው የሚሰጠው ሳይክሎስፖሪንም እንዲሁ። መድኃኒቱ ግን ብቻውን አይደለም፤ በጥርስ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ ሲጨመርበት ነው የሚብሰው። የደም ግፊት ሐኪሟን "ከሌላ ወገን በሆነ መድኃኒት መቀየር ይቻላል ወይ?" ብላ ትጠይቅ። ጎን ለጎን ጥርሷን በደንብ ትታጠብ። ከዚያ ጥቂት ወራት ትጠብቅ፤ ብዙ ሰው ላይ እብጠቱ ሳይቆረጥ ይቀንሳል። የተረፈው ይቆረጣል። ሌዘር ደሙን ይቀንሳል እንጂ ከምላጩ የተለየ ዋስትና አይሰጥም። መድኃኒቱ ከቀጠለና ንጽህናው ከላላ በሁለቱም ተመልሶ ይመጣል።

ይህን የሚያነቡ፣ በሽታ ሳይኖርባቸው ሲስቁ ድዳቸው ብዙ የሚታይ ሰዎችም አሉ። እናንተም አስቀድማችሁ ምንጩን አስመርምሩ። አጥንቱ ወደ ድዱ ጠርዝ ከተጠጋ ድዱን ብቻ መቁረጥ አይጸናም፤ ከጠርዙ እስከ አጥንቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲኖር አጥንቱም ትንሽ ይሞረዳል። ምንጩ የመንጋጋ አጥንት ርዝመት ወይም ወደ ላይ አብዝቶ የሚሳብ ከንፈር ከሆነ መፍትሔው ሌላ ነው።

ለእህትሽ አንድ ማሳሰቢያ ይቀረኛል። እብጠቱ በሳምንታት ውስጥ በፍጥነት ከጨመረ፣ ድካም፣ ትኩሳት ወይም ያለ ምክንያት በቆዳዋ ላይ የሚወጣ ሰማያዊ ነገር ካለ ስለ ሌዘሩ ሳታስብ በፊት የደም ምርመራ ታድርግ፤ የአንዳንድ የደም ካንሰር ምልክት መጀመሪያ በድድ ላይ ሊታይ ይችላልና። እብጠቱ በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነም የተቆረጠው ወደ ላቦራቶሪ ይላክላት። ወደ ጥርስ ሐኪሙ ስትሄድ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነማሸጊያቸው ትያዝ፤ ደም የሚያቀጥን ካለበት ወይም ስኳር ካለባት ቀድማ ትንገረው።